ለንደንን ተዪው፤ ለጓደኞችሽ ግን እውነቱን ንገሪያቸው

«እንደምን ሰነበቱ? የ19 ዓመት ልጅ ነኝ። ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ፍራንክፈርት እኖራለሁ። ዘንድሮ አቢቱር (የጀርመኑን የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና) ጨርሻለሁ። ከሦስት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ቦርሳችንን በጀርባችን አዝለን በባቡር አውሮፓን ለመዞር ካሰብን ቆይተናል። እናቴ ግን አይሆንም ብላለች። ‹ሴት ልጅ አገር ለአገር ስትዞር ሰው ምን ይላል? ደግሞስ ከማን ጋር ነው የምታድሪው?› ትለኛለች። እሷ እዚህ የደረሰችው በሱዳንና በሊቢያ አድርጋ ነው፤ እኔና ወንድሜ በኋላ በአውሮፕላን ተከተልናት። ስለዚያ መንገድ አታወራም፤ እኔም አልጠይቃትም። አክስቴ ደግሞ ‹ጉዞው ፍልሰታ ላይ ነው› ብላ ነገሩን አባብሳዋለች። ጓደኞቼ ያወጡት ዕቅድ በሦስት ሳምንት አምስተርዳምን፣ ፓሪስን፣ ለንደንን፣ ባርሴሎናን፣ ኒስን፣ ሮምን፣ ቬኒስን፣ ቪየናን፣ ቡዳፔስትንና ፕራግን ማየት ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ ቤት እየሠራሁ ያጠራቀምኩት 1,300 ዩሮ ነው፤ የእነሱ ከዚህ ይበልጣል። ፓስፖርቴም የኢትዮጵያ ነው፤ የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ። ይህን ለጓደኞቼ አልነገርኳቸውም። እናቴን እንዴት አድርጌ ላሳምናት?
ቦርሳዋን ያዘጋጀችው፣ ከፍራንክፈርት»

ቦርሳሽን ያዘጋጀሽው እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ያሳጠርኩት ለአንባቢ ስል ነው። ሙሉው ሦስት ገጽ ነበር፤ ሁለቱ ገጽ ተኩል ስለ እናትሽ ነው። ስለ ገንዘብሽና ስለ ፓስፖርትሽ የጻፍሽው ግን ጥቂት መስመር፣ ያውም መጨረሻ ላይ፣ እንደ ዋዛ ነው። የእኔ ዓይን ያረፈው እዚያ ላይ ነው። እናትሽ ነገ ጠዋት መርቃ ብትሸኝሽ እንኳ፣ በዚህ ዕቅድ ከሄድሽ ጉዞው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይበላሻል። የሚያበላሸውም የእናትሽ ቁጣ ሳይሆን አንቺ በይሉኝታ ዋጥ ያደረግሽው ነገር ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው ልጀምር።

ለንደን ይውጣ። ብሪታንያ የሸንገን፣ ማለትም በመካከላቸው የፓስፖርት ቁጥጥርን ያስቀሩት የአውሮፓ አገሮች ስምምነት፣ አባል ሆና አታውቅም፤ የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድም እዚያ አያስገባም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለመሄድ አስቀድሞ ቪዛ ማመልከት፣ አሻራ መስጠት፣ ከ100 ፓውንድ በላይ መክፈልና ውጤቱን መጠበቅ የግድ ነው። ጓደኞችሽ ይህን አያውቁም። የጀርመን ፓስፖርት ይዞ ላደገ ልጅ ድንበር ማለት ስልኩ ላይ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚል መልእክት የሚገባበት ቦታ ነው፤ አልፈርድባቸውም። ካልነገርሻቸው ግን የሚያውቁት ፓሪስ፣ ጋር ዱ ኖር ጣቢያ ውስጥ ይሆናል። የብሪታንያ የድንበር ሠራተኞች ወደ ለንደን የሚሄደውን ባቡር፣ የዩሮስታርን፣ ተሳፋሪ ፓስፖርት የሚያዩት ለንደን ሲደርስ ሳይሆን እዚያው ፓሪስ ከመሳፈሩ በፊት ነው። ሦስቱ በስልካቸው ያወጡትን የጉዞ ፈቃድ ይዘው ያልፋሉ፤ አንቺ ከነቦርሳሽ ከበሩ ወዲህ ትቀሪያለሽ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አስቢው፦ ወይ ጉዟቸውን ሰርዘው አብረውሽ ይመለሳሉ፣ ወይ ጥለውሽ ይሄዳሉ። ሁለቱም ጓደኝነትን ይጎዳል።

ሌላው መንገድ ክፍት ነው። የሸንገን አገሮች ዛሬ 29 ናቸው። ፓስፖርትሽና የመኖሪያ ፈቃድሽ ጊዜያቸው እስካላለፈ ድረስ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ልትዞሪባቸው ትችያለሽ። ዛሬ ማታ ሁለቱንም አውጪና የሚያበቁበትን ቀን ተመልከቺ። ካርዱ እድሳት ላይ ሆኖ እጅሽ ላይ ያለው ጊዜያዊ ወረቀት ከሆነ፣ የውጭ ዜጎች ቢሮውን ሳትጠይቂ አንድም ትኬት እንዳትገዢ።

በሸንገን ውስጥ ድንበር የለም ይባላል እንጂ ፖሊስ አለ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ላይ ቁጥጥር ጀምራለች፤ በኦስትሪያ በኩል ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎም ነበር። ከሳልዝበርግ ወደ ሙኒክ የሚመጣ ባቡር በድንበሯ ከተማ ፍራይላሲንግ ላይ ቆም ሲል ፖሊሶች ይሳፈራሉ። በሠረገላው መካከል ግራና ቀኝ እያዩ ይመጣሉ። ጋዜጣ የሚያነቡትን ሽማግሌ ያልፋሉ፤ ጓደኞችሽን ያልፋሉ፤ አንቺ ጋ ሲደርሱ ቆም ይላሉ። ሁልጊዜ አይሆንም፤ ሲሆን ግን ቆዳሽን አይተው እንደሆነ አንቺም እነሱም ታውቃላችሁ። የሚያስፈልግሽ ዋናው ፓስፖርትና ዋናው ካርድ ነው፤ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይበቃም። ደግሞም ከላይ መደርደሪያው ላይ በተጫነው ቦርሳ ሥር ሳይሆን ሰውነትሽ ላይ ይሁን፤ በሰው ፊት ልብስሽን እየበተንሽ ስትፈልጊ እንዳትገኚ። ለጓደኞችሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ያልተነገረው ጓደኛ በእንዲህ ያለ ጊዜ ወይ ይስቃል፣ ወይ ከፖሊሱ ጋር ክርክር ይገጥማል፤ ሁለቱም አንቺን አይጠቅምሽም። ጣሊያንና ስፔን ውስጥም ሆስቴሎች የእንግዳን ማንነት መመዝገብ ግዴታቸው ስለሆነ ፓስፖርትሽን ይጠይቁሻል፤ እዚያ ግን ሁላችሁንም ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ቁጥር ስለማያዳላ በቁጥር እናውራ።

በባቡር የመዞሩ ነገር እ.ኤ.አ. በ1972 ኢንተርሬይል በሚል ስም ሲጀመር፣ ዕድሜያቸው ከ21 ያልበለጠ ወጣቶች በአንድ ትኬት 21 አገሮችን እንዲያዩ የታሰበ ነበር። ዛሬ አገሮቹ 33 ደርሰዋል፤ የወጣት ዋጋውም እስከ 27 ዓመት ይሠራል። መግዛት የሚችለው አውሮፓ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው፤ ፓስፖርቱ የየትም ይሁን፣ የሚታየው መኖሪያው ነው። (ከአሜሪካ ወይም ከአዲስ አበባ የምትመጣ የአጎት ልጅ ብትኖርሽ እሷ የምትገዛው ዩሬይል የሚባለውን ነው።) በአንድ ወር ውስጥ ሰባት የጉዞ ቀን የሚሰጠው የወጣት ትኬት ወደ 300 ዩሮ ይጠጋል። ከ1,300ው ላይ 150 ዩሮ ለክፉ ቀን ብለሽ ሌላ ሒሳብ ውስጥ አስቀምጪ፤ እንደሌለሽ ቁጠሪው። የባቡሩን ስትቀንሺ 850 ይቀርሻል። ለ21 ቀን ሲካፈል በቀን 40 ዩሮ ነው። በሐምሌ ወር ፓሪስ ወይም አምስተርዳም ውስጥ ስምንት ሰው በሚተኛበት ክፍል አንድ አልጋ ብቻውን ይህን 40 ዩሮ ይበላዋል። ከዚያ ምን ትበያለሽ?

ደግሞ ትኬቱ ሁሉን ይሸፍናል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። በፈረንሳይና በስፔን ፈጣን ባቡሮች፣ በጣሊያኖቹም ላይ፣ ትኬት እያለሽ ለመቀመጫው ለብቻ ትከፍያለሽ፤ አንዳንዱ 10 ዩሮ ነው፣ አገር የሚያቋርጠው 30 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በበጋ ቦታው ቶሎ ያልቃል። በጀርመንና በኦስትሪያ ግን በአብዛኛው ባዶ ወንበር አይተሽ መቀመጥ ነው። የጓደኞችሽ ዕቅድ ውድ ውዱን መስመር እየመረጠ የሚሄድ ነው፤ ካርታ አይተው እንጂ ዋጋ አይተው አላወጡትም።

እንግዲህ እኔን ብትጠይቂኝ ሁለት ሳምንት፣ ከተማውም ግማሽ። ከፍራንክፈርት ቪየና፣ ከዚያ ቡዳፔስት፣ ከዚያ ሉብሊያና፣ በትሪየስቴ በኩል ቬኒስ፣ ከዚያ ሮም፤ ከሮም በሌሊት ባቡር ሙኒክ። በቀን 60 ዩሮ ይደርስሻል፤ ሲጠበብ ሲሰፋ ይበቃል። ቡዳፔስትና ሉብሊያና ላይ የሚተርፍሽን ሮም ትበይዋለሽ። ስድስት ወይም ሰባት የጉዞ ቀን ያዳርሰዋል። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ በምትኖሪበት አገር ውስጥ ትኬቱ የሚሠራው ለመውጫ አንድ ቀን፣ ለመመለሻ አንድ ቀን ብቻ ነው። ዶይችላንድ ቲኬት (በጀርመን የአካባቢ ባቡሮች የሚያሳፍረው የወር ትኬት) ካለሽ ከሙኒክ ቤትሽ በዚያ መምጣት ትችያለሽ፤ ቀርፋፋ ቢሆንም ያደርሳል። በቪየናና በሮም፣ በሙኒክና በሮም መካከል የሚሄደው የኦስትሪያው የሌሊት ባቡር ለሴቶች ብቻ የተለየ ክፍል አለው፤ ስትይዢ ጠይቂ። ለአልጋው ተጨማሪ ይከፈላል፣ ግን የአንድ ሌሊት ሆስቴል ስለሚተካ ሒሳቡ አይጎዳሽም።

ሮምን ያልቀነስኩት ሆን ብዬ ነው። ያለ ገንዘብ ብዙ የሚታይበት ከተማ ነው፤ ለእኛ ደግሞ ከሌላው ሰው የበለጠ። ቴርሚኒ ጣቢያ ወርደሽ የምትረግጪው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ ስንት ሺህ ሕዝብ ያንን ስም ሳያስተውለው ያልፋል። ከዚያ በእግርሽ ወደ ፖርታ ካፔና ውረጂ። ሙሶሊኒ ያስወሰደው የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 2003 የቆመው እዚያ ነው፣ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ካለበት ሕንፃ ፊት ለፊት። ሐውልቱ በ2005 አገሩ ገባ፤ በ2008 ተመልሶ ቆመ። ከቦታው እስከ ቆንስጣንጢኖስ ቅስት ድረስ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ማታ በባዶ እግሩ ሐውልቱ አጠገብ ተፈትልኮ ቅስቱ ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የገባው በዚያ መንገድ ነው። ጓደኞችሽን ይዘሽ ተራመጂበት። የትኛውም አስጎብኚ የማያስከፍልሽ፣ አንቺም ከማንም በላይ የምታስረጂበት ሰዓት ይሆናል። አሥር ከተማ በሦስት ሳምንት የሚሮጥ ሰው ለዚህ ጊዜ የለውም፤ ሮምን የሚያውቃት በአንድ ፎቶና በአንድ አይስክሬም ነው።

ለጓደኞችሽ ምን ትያቸዋለሽ? ነገር አታብዢ። «በቀን ከ60 ዩሮ በላይ አልችልም፤ ለንደን ለእኔ ቪዛ ይጠይቃል። አብረን ከሆነ በዚህ ልክ እናቅደው» በያቸው። የአራት ሰው ጉዞ የሚለካው በቀጭኑ ኪስ ነው፤ ሌላው ሰው የፈለገውን በራሱ ይጨምርበታል። «እኛ እንሞላልሻለን» ካሉሽ አመስግነሽ እምቢ በዪ። አንድ ቀን ራት ቢጋብዙሽ ምንም አይደለም፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሰው ገንዘብ የምትሄጅ ከሆነ ግን የት እንደሚታደር፣ ምን እንደሚበላ አፍሽን ሞልተሽ መናገር ያቅትሻል። ለንደን ካልሄድን ሞተን እንገኛለን ካሉም ይሂዱ፤ ቪየና ላይ ጠብቂያቸው። መለያየት ያለበት ዕቅድ ማንንም አያስቀይምም፤ የሚያስቀይመው መንገድ ላይ የሚወጣ ምስጢር ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። እኛ ቤት ሒሳብ ሲመጣ «ተዉት እኔ ልክፈል» ማለት ጨዋነት ነው። ጀርመኖቹ ጓደኞችሽ እያንዳንዱ የራሱን መክፈሉን እንደ ንፍገት አያዩትም። አንቺ በመጀመሪያው ሳምንት ቡናውንም አይስክሬሙንም እየከፈልሽ፣ በሁለተኛው ሳምንት «አልራበኝም» እያልሽ ከበር ላይ የምትቀሪ እንዳትሆኚ። ጥሩው ዘዴ የጋራ ቦርሳ ነው፦ ሁላችሁም እኩል ታስገባላችሁ፤ የጋራ ምግብ፣ የከተማ አውቶቡስና የጋራ ነገር ሁሉ ከዚያ ይወጣል። ሲያልቅ እንደገና እኩል። ቦርሳውን በየሦስት ቀኑ ሌላ ሰው ይያዘው፤ አንድ ሰው ብቻ ከያዘው እሱ እናት፣ ሌላው ልጅ ይሆናል።

ምግብ ላይ ብዙ ይተርፋል። አብዛኛው ሆስቴል ወጥ ቤት አለው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ማንም የሚወስደው ተብሎ የተተወ መደርደሪያ ታገኛለሽ፦ ግማሹ የተበላ የፓስታ ጥቅል፣ ጨው፣ ከታች አንድ ጣት ያህል የቀረው ዘይት፣ አንዳንዴ አንድ ሙሉ ሽንኩርት። የሚሄድ ሰው ለሚመጣ የተወው ነው። ቀድሞ የደረሰ ጥሩውን ይወስዳል፤ ስለዚህ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት መደርደሪያውን እዩ። ምስር በየትኛውም ሱቅ አለ።

እናንተ አራታችሁ ትጣላላችሁ። በእርግጠኝነት ነው የምነግርሽ፤ የጠቡ ምክንያት ብዙ ጊዜ ረሃብና እንቅልፍ ማጣት ነው፣ ወቀሳው በከተማው ይላከካል እንጂ። በየከተማው ግማሽ ቀን ተለያዩ። አንዱ ሙዚየም ይሂድ፣ አንዱ ወንዝ ዳር ይተኛ፤ ማታ ስትገናኙ የምትነጋገሩት ነገር ይኖራችኋል።

አሁን ስለ እናትሽ።

«ላሳምናት» የሚለውን ቃል ለጊዜው አቆዪው። እናትሽ ድንበር የሚባለውን ነገር የምታውቀው በሰሃራና በሜዲትራኒያን በኩል ነው። አንቺ «ቦርሳ አዝዬ፣ ድንበር ተሻግሬ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ክፍል አድሬ» ስትያት እሷ የምትሰማው ሌላ ነው። «እማዬ፣ ይሄ እኮ አውሮፓ ነው» ማለትሽ እውነት ነው፤ ግን አያረጋጋትም። ስለዚያ መንገድ አሁን ጠይቂያትም አልልሽም። ለፈቃድ ስትይ ቁስል እንዳትነኪ፤ አንድ ቀን ራሷ ስትከፍተው ታዳምጫለሽ። እስከዚያው የምትጨብጠው ነገር ስጫት። አንድ ወረቀት ላይ፣ በአማርኛ፣ በእጅሽ ጻፊ፦ በየትኛው ቀን የትኛው ከተማ፣ የሆስቴሉ ስም፣ አድራሻና ስልክ፣ ባቡሩ የሚነሳበትና የሚደርስበት ሰዓት፣ የሦስቱ ጓደኞችሽና የወላጆቻቸው ስልክ። ፍሪጅ ላይ ትለጥፈው። የሴቶች ብቻ ክፍል ያለባቸውን ሆስቴሎች ምረጪ፤ «ከማን ጋር ነው የምታድሪው» ላለችሽ መልሱ እዚያው ወረቀት ላይ ይሁን። ጓደኞችሽን ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ጋብዣቸው፤ እንጀራ ይብሉ፣ እሷም ፊታቸውን ትይ። ስም ብቻ ከምትሰማ ፊት ያየች እናት የተሻለ ትተኛለች።

የምትደውይበትን ሰዓት ወስኑ። በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ይሁን፤ በየሰዓቱ ከሆነ አንቺም ጉዞ አልሄድሽም፣ እሷም አላረፈችም። ባትሪ ሊያልቅ እንደሚችል አስቀድመሽ ንገሪያትና እስከ ማግስቱ ጠዋት እንዳትደነግጥ ተስማሙ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ስልክሽ እንደ ጀርመኑ ዋጋ ይሠራል፤ ስዊዘርላንድ ግን ኅብረቱ ውስጥ ስለሌለች እዚያ ዋጋውን ሳትጠይቂ ኢንተርኔት አትክፈቺ። በየአገሩ ለአደጋ ጊዜ የሚደወለው 112 ነው፤ እሱንም ጻፊላት።

አክስትሽ ባነሳችው ነገር ላይ ከእሷ ጋር ነኝ። ፍልሰታ በነሐሴ 1 ይገባል፤ ይህም ኦገስት 7 ነው። ፈተናሽ ካለቀ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ወጥታችሁ ፍልሰታ ሳይገባ ለመመለስ ምን ያግዳችኋል? የሮም ኦገስት ደግሞ አይመከርም፤ ሙቀቱ ሌላ፣ ኦገስት 15 የጣሊያኖቹ የማርያም ዕርገት በዓል ስለሆነ በዚያ ሰሞን ብዙ ሱቅ ይዘጋል። (የእነሱ በዓል የሚያልፈው እኛ ገና ጾሙን ሳንፈታ ነው።) እናትሽም ልጄ ጾሙን አክብራ ቀኑን ቀየረች ብላ ለአክስትሽ የምትመልሰው መልስ ታገኛለች። ይህን መልስ አትናቂው፤ «ሰው ምን ይላል» የሚለው ፍርሃት ግማሹ የአክስትሽ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም አይሆንም ብትልስ? ሂጂ። ይህን ስል የሚቆጡኝ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔም እናት ነኝ። ዕድሜሽ 19 ነው፤ ገንዘቡ የላብሽ ነው፤ ጉዞውም ነውር የለበትም። ተደብቀሽ ግን አትሂጂ። «ለሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ ነው» የሚል ሰበብ እንዳታመጪ፤ በመጀመሪያው ፎቶ ይጋለጣል፣ ቀጥሎ እውነት ስትናገሪም አትታመኚም። ቀኑን ንገሪያት፤ ጠዋት በሯ ላይ ቁሚና መርቂኝ በያት። ላትመርቅሽ ትችላለች። ወረቀቱን ግን ፍሪጁ ላይ ለጥፈሽላት ውጪ።

ስለ ዕቃ አጭር ነው የምለው። ሲሞላ ከአሥር ኪሎ የማይበልጥ ቦርሳ ያዢ፤ ሞልተሽ ፎቅ ውጪበትና ወርደሽ ቀንሺ። ለሆስቴሉ መቆለፊያ ሣጥን የራስሽ ጓጉንቸር ያስፈልግሻል፤ እዚያ ከገዛሽው ዋጋው እጥፍ ነው። የባቡሩን ትኬት የሚይዘው ስልክሽ ስለሆነ ተጨማሪ ባትሪ አትርሺ፤ እያንዳንዱን ጉዞም ከመሳፈርሽ በፊት መተግበሪያው ላይ መዝግቢ፣ አለዚያ ትኬት እያለሽ ልትቀጪ ትችያለሽ። ሃንጋሪ ውስጥ በካርድ ስትከፍዪ ማሽኑ «በዩሮ ወይስ በፎሪንት?» ይልሻል፤ ፎሪንት በዪ፤ በዩሮ ካልሽ ምንዛሪውን እሱ እንደፈለገ ነው የሚያሰላው። የጤና መድን ካርድሽን ጀርባ ተመልከቺ፤ የአውሮፓው ካርድ እዚያ ነው። የኅብረቱ ዜጋ ላልሆነ ሰው ሽፋኑ አንዳንድ አገር ላይ ስለሚቋረጥ፣ ለጉዞው ጊዜ ርካሽ የውጭ አገር ጤና መድን መግዛቱ ይሻላል።

ደብዳቤሽ ግርጌ ላይ በእርሳስ የጨመርሻትን ጥያቄ አይቻታለሁ፦ በርበሬ ይዤ ልሂድ ወይ? ያዢ። ግን በፌስታል ጠቅልለሽ እንዳይሆን፤ ክዳኑ በሚጠብቅ ትንሽ ብልቃጥ አድርጊውና ላዩ ላይ በአማርኛም በጀርመንኛም ምን እንደሆነ ጻፊበት። ፍራይላሲንግ ላይ ፖሊሱ ቦርሳሽን ቢያስከፍትሽ፣ ስም የሌለው ቀይ ዱቄት ለማስረዳት ባቡሩ የሚቆምልሽ ደቂቃ አይበቃሽም።